የታመነ ገጽ

[ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለችው የአጥቢያው ነርስ ክፍል። ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ነርስ ወልዳ ፈቃድ ላይ ናት። ወንበሯን የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ ይዘውታል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ለቀልድ «ሊቁ» ብሎ ሰየማቸው፣ እሳቸው ግን የምር ወሰዱት። ከኢንተርኔት ያወጡትን ወረቀት ግድግዳው ላይ ሊለጥፉ ሲሉ፣ ጸጉር አስተካካዩ ቆቡን እንደደፋ ገብቶ የወረቀቱን ጫፍ ይዞ አልለቅም ብሏል።]

ሊቁ፦ ልቀቀው አልኩህ፤ ትቀደዋለህ።

ጸጉር አስተካካይ፦ አንዲት ነገር ልጠይቅና እለቃለሁ ጋሼ። እናቴ ትናንት ካደሉት ወረቀት አንዱን ወስዳ ነበር። «ራስዎን ካላመመዎት የደም ግፊት ክኒን ማቆም ይችላሉ» ይላል። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አልውጥም ብላ ተቀምጣለች።

ሊቁ፦ አስተዋይ እናት ናቸው። አንተ በማን እንደወጣህ እንጃ።

ጸጉር አስተካካይ፦ ሲስተር ግን «ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ ግፊት ሳያምም ነው የሚጥለው» ብላት ነበር።

ሊቁ፦ ሲስተር የተማረችው ድሮ ነው። እኔ ምንጩን አይቻለሁ።

ጸጉር አስተካካይ፦ የምን ምንጭ? እማዬ የምትውጠው በቧንቧ ውሃ ነው።

ሊቁ፦ [ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው] የመረጃውን ምንጭ ነው የምልህ። ማን ጻፈው? ዶክተር። መቼ? በቅርቡ። ሰው ያምነዋል ወይ? መቶ ሺህ ተከታይ አለው።

ጸጉር አስተካካይ፦ ምን ወስዶባቸው ነው ያን ያህል ሰው የሚከተለው?

ሊቁ፦ ከአንተ ጋር ማውራት ከወንበር ጋር ማውራት ነው። ወዶት ነው የሚከተለው።

ጸጉር አስተካካይ፦ ክኒኑን ካቆመች ታዲያ ምን ትውሰድ ይላል?

ሊቁ፦ ከታች ዱቄት አለ፤ በቅናሽ ያቀርባል።

ጸጉር አስተካካይ፦ ይሸጣል እንዴ?

ሊቁ፦ ለሰው አዝኖ ነው።

ጸጉር አስተካካይ፦ ስሙ ማነው?

ሊቁ፦ ስሙን አልጻፈም። የተማረ ሰው እዩኝ አይልም። ፎቶው ግን አለ፤ ና እየው።

[ስልካቸውን በእጅጌያቸው ወልውለው አቀረቡለት።]

ሊቁ፦ ነጭ ጋውን፣ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ። ግንባሩን እየው፤ ንባብ ያሰፋው ግንባር ነው። ዕድሜያችሁ እኩል ይመስለኛል። አንተ መቀስ ስትይዝ እሱ መጽሐፍ ይዞ ነበር።

[ጸጉር አስተካካዩ አቀርቅሮ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ሊቁ ያፈረ መስሏቸው ደስ አላቸው።]

ጸጉር አስተካካይ፦ ጋሼ፣ ይሄ ማዳመጫ አይደለም።

ሊቁ፦ ደግሞ ይህንንም ልታስተምረኝ ነው?

ጸጉር አስተካካይ፦ የጸጉር ማሽን ገመድ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ አንገቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ።

ሊቁ፦ አንተ ብትጥለው ዶክተሩን ምን አገባው?

ጸጉር አስተካካይ፦ አምና አንድ ፎቶ አንሺ ጸጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ «ለሱቅህ ማስታወቂያ ይሆንሃል» ብሎ አነሳኝ። ጋውኑ የሥራ ልብሴ ነው፤ ያኔ ጺም ነበረኝ።

[ቆቡን አወለቀ። ሊቁ ስልኩን አዩ፤ ግንባሩን አዩ፤ ተመልሰው ስልኩን አዩ።]

ሊቁ፦ [ድምፃቸው ቀጥኖ] እኔ እኮ... ገጹ የታመነ ነው ብዬ ነው።

ጸጉር አስተካካይ፦ ገጹማ የኔው ነው ጋሼ። ይልቅ ትናንት ያደሉትን ዞረው ይሰብስቡ፤ የሰው እናት አለች።

[ወረቀቱን ከሊቁ እጅ ወስዶ አጣጠፈውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለ።]

ጸጉር አስተካካይ፦ እማዬ፣ ተነሺና ክኒንሽን ዋጪ። [ያዳምጣል] አይ፣ ከራሴ አይደለም። [ያዳምጣል] ማን አለኝ? ዶክተሩ ነዋ። ወረቀቱ ላይ ያለው፣ ራሱ።