ከከድር አልጋ ሥር የተገኙት ቆርኪዎች

የአሰላ ሰው ሰፈሩን ይቀይራል፣ ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ዕድሩን ይቀይራል፤ ቢራውን ግን አይቀይርም። አንዴ የአረንጓዴው ጠርሙስ ወገን ከሆነ ሆነ ነው። ግሮሰሪ ገብቶ «ያንተ አልቋል» ቢሉት ሌላ ከሚቀምስ ውሃ ጠጥቶ ይወጣል። አስተናጋጇም ስሙን አታውቅም። በጠርሙሱ ነው የምትጠራው። «ያ የቡናማው ሰውዬ ዛሬ ምን ሆኖ ቀረ?» ትላለች። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ካለ አይቀየመኝ። ሰው በአንድ ነገር መጽናቱ ደግ ነው፤ ሌላ የሚጸናበት ካጣ በቢራም ይጽና።

እኔ ግን ወላዋይ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ቢራ እጠጣለሁ። አንድ ብቻ። ባለፈው ቅዳሜ የቀመስኩትን በዚህኛው አልደግመውም። ሥራዬ የወፍጮ ጥገና ነው፤ ሳጉሬ ላይ ችንጋ ተበጠሰ ሲሉኝ፣ ሁሩታ ላይ ኩሽኔታ ጮኸ ሲሉኝ እሄዳለሁ። ስመለስ ያገኘሁትን ዓይነት ጠርሙስ ከመፍቻዎቹ ጋር በሻንጣዬ ይዤ እመጣለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌላው ያኮርፋል። አንዷ መጀመሪያ ትጣፍጥና መራራነቷን ከዋጧት በኋላ ትናገራለች፤ እንደ አንዳንድ ሰው። ሌላዋ አረፋዋ ብዙ፣ ነገሯ ትንሽ ነው፤ እንደ ስብሰባ። ጠቆር ያለችው ደግሞ የተቆላ ገብስ ትሸታለች። እሷን ስጠጣ ዝም እላለሁ።

ምክንያት አለኝ። ያደግሁት ጮሌ ከተማ፣ ጠላ ቤት ውስጥ ነው። የሰው ቤት ነው። ጋን አጥብ ነበር፤ አሻሮ አምስ ነበር። ስተኛም ከጋኖቹ መካከል ነው። የጮሌን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ራቴ አተላ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ቤት ሳይጠሩት መጥቶ እግሬ ላይ የሚተኛ አንድ ፍጡር ነበር፤ ድመት። ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል ይባላልና እዚህ ላይ ይብቃን።

ዛሬም ድመት አለኝ። ልጆቼ አዳማ ናቸው። ባለቤቴ ባረፈች ማግሥት በገባው ክረምት፣ አንድ ቡራቡሬ ድመት ማንም ሳይጋብዘው በመስኮት ገባና ወንበር መርጦ ተቀመጠ። እኔም አልጠየቅሁት፤ እሱም አልነገረኝም። ተስማማን። ስሙን ዳኛ አልኩት። ቅዳሜ ጠርሙሴን ይዤ ስቀመጥ ትይዩዬ ካለው የእንጨት መቀመጫ፣ ከዱካው ላይ ይወጣና የፊት እግሮቹን ገጥሞ ጠርሙሱን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ፍርዱን አይናገርም። ቢራ አይወድም፤ ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ያዞራል። የሚወደው ቆርኪውን ነው። እኔ ጠርሙስ የምከፍተው በካቻቢቴ ነው፤ የእጅ ልማድ ነው፣ መክፈቻ ከየት አባቴ አመጣለሁ። ቆርኪው ጠርቀም ብሎ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ዳኛው ዳኝነቱን ጥሎ ይነሳል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። ይጫወትበት ብዬ ቆርኪዎቹን በአሮጌ የወተት ጣሳ አጠራቅምለት ነበር።

በዚህ መኸር ወራት ዳኛ ዓመሉ ተለወጠ። መጀመሪያ ወፈረ። ምስጋናውን ለራሴ ወሰድኩ። ከዚያ ጠፋ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ሥጋውን በጥድፊያ ይበላና እኔን ሳያይ በአጥሩ ላይ ዘሎ ይሄዳል። ዱካው ላይ መቀመጥ ቀረ። ጣሳው ውስጥ ያሉት ቆርኪዎችም እየጎደሉ ሄደው አለቁ። ሰለቸሁት ማለት ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? «ድመቴ ፊት ነሳኝ» ተብሎ ሽማግሌ አይላክ።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ ሐጂ ከማል ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በጸሎትማ አንወዳደርም። መጠጥ በቤታቸው ደጃፍ አያልፍም። እኔን ግን ጠጪ ነው ብለው ሸሽተውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ጠርሙሴን አይተው «ምንድን ነው እሱ?» ቢሉኝ «ለኩላሊት ነው፣ ሐኪም አዞልኝ» ብያቸው ነበር። «አላህ ይማርህ» ብለው አለፉ። ሐጂ አይዋሹም፤ ሰውም የሚዋሻቸው አይመስላቸውም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠርሙሴን ከፍቼ፣ ባዶውን ዱካ እያየሁ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳና ሐጂ ገቡ። ጋዜጣ አንስቼ ጠርሙሱ ላይ ላለብስ ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተወው ታዬ፣ አትሸፍነው። ዛሬ የመጣሁት ለእሱው ነው።»

ደነገጥኩ። ሐጂ በስተርጅና ሊጀምሩ ነው እንዴ?

ከኮታቸው ኪስ የተቋጠረ ነጭ መሐረብ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ቆርኪ። እፍኝ ሙሉ ቆርኪ።

«ዘይነባ የከድርን ክፍል ልታጸዳ ገብታ ከአልጋው ሥር በመጥረጊያ ብትስበው ይህ ወጣ» አሉ፤ ዘይነባ ባለቤታቸው ናት፣ ከድር ደግሞ ልጃቸው። «እሷ እያለቀሰች ነው። ልጁ መኸሩን ሳጉሬ እህል ሲገዛ ነው የከረመው፣ ነገ ይመለሳል። ሐሙስ ከድር ወደ መረጣት ልጅ አባት ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ቃል ሰጥቻለሁ። ሰውየው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። ልጅህ ይሰግዳል ወይ? ይጠጣል ወይ? ምን ልበል? የሰው ልጅ ለሰካራም ለምኜ ላምጣ? አላደርገውም። እቀራለሁ።»

ከድርን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ለስላሳ እንኳ ሲጠጣ አፍንጫውን የሚያሳክከው ልጅ ነው። ልጅቷን ደግሞ እንዴት እንደሚወዳት ሰፈሩ ያውቃል፤ በስልክ ሲያወራት ድምፁ የሚቀጥን ወንድ ምስጢር አይኖረውም።

«ልጁን ጠየቁት?»

«ብጠይቀውና ቢዋሸኝ ሁለት ኃጢአት ይሆንበታል። አስቀድሜ የሚያውቀውን ልጠይቅ ብዬ ነው። አንተ እኮ በዚህ ነገር ሊቅ ነህ። እስቲ እየው፤ ይህ ስንት ሰው ነው? ከባድ ነው ቀላል?»

እድሜ ልኬን ወፍጮ ጠግኛለሁ፤ ሊቅ ያለኝ ግን አልነበረም። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየሁ። ቀዩ፣ ወርቃማው፣ አረንጓዴው፣ ያ ባለፈው ዓመት ወጥቶ ወዲያው የጠፋው። አንዱም አንዱን አይመስልም። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሰካራም እንዲህ አይጠጣም። ሰካራም ታማኝ ነው፤ ከአልጋው ሥር ቢፈተሽ አንድ ዓይነት ቆርኪ ነው የሚገኘው። በዚህ ከተማ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘል ወላዋይ አንድ ብቻ ነው። ገልብጬ ሳየው ደግሞ እያንዳንዱ ቆርኪ በአንድ ጎኑ ተጣሟል። በካቻቢቴ።

«ሐጂ» አልኩ፣ «እነዚህ የእኔ ናቸው።»

አዩኝ። ከዚያ ቆርኪዎቹን አዩ።

«ይህ ሁሉ ለኩላሊት?»

«ተጠራቅሞ ነው።»

«እሺ፣ ኩላሊቱ ያንተ ይሁን። የልጄ አልጋ ሥር ምን ልታደርግ ገባህ?»

ለልጁ ስል የማወራ መሰልኳቸው። «ደግ ሰው ነህ፣ ግን በውሸት አትርዳኝ» ብለው ቆርኪዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ አራግፈው መሐረቡን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሊነሱ ሲሉ ዳኛ በመስኮት ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ከተዘረገፈው መካከል ቀዩን መርጦ በጥርሱ ነከሰና በመጣበት ወጣ።

ሐጂና እኔ ተያየን።

«የት ነው የሚወስደው?» አሉ።

«ወደ እርስዎ አጥር ነው።»

ሁለት ሽማግሎች ሲሮጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁ ከሆነ አትሳቁ። እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ እሳቸው ኮፍያቸውን ይዘው፣ በእኔ በር ወጥተን በእሳቸው በር ገባን። ዘይነባ ከነመጥረጊያዋ ተከተለችን። የከድር ክፍል መስኮት ገርበብ እንዳለ ነው። በሩን ቀስ ብለን ከፈትን። ከአልጋው ሥር፣ መጥረጊያው ባልደረሰበት ከወደ ግድግዳው፣ አሮጌ ሹራብ የወጣበት የተቀደደ ካርቶን አለ። ዳኛ ካርቶኑ አፍ ላይ ቆሞ ቆርኪውን ጣል አደረገና፣ እኔ ሰምቼው በማላውቅ ለስላሳ ድምፅ ተጣራ። ቡራቡሬ የሆኑ፣ ጥጥ የመሰሉ፣ ገና መራመድ የሚማሩ ልጆች እየተገፋፉ ወጡና በቆርኪው ላይ ሰፈሩበት።

ለካ እናት ልጆቿን አደን የምታስተምረው ከቤት የሚገኘውን ይዛ ሄዳ ነው። ሌላው ቤት አይጥ ትወስዳለች። የእኔ ቤት የሚገኘው ቆርኪ ነው።

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጂ። ዘይነባ መጥረጊያውን ጣለችና እንባዋንም ሳቋንም በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ይህቺ እኮ የእኛ አዱሬ ናት!» አለች። አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ለካ እዚያም ቤት ቁርስ ነበራት።

«አንተ ምን ነበር የምትላት?» አሉኝ ሐጂ።

«ዳኛ።»

«የምን ዳኛ ነው የሚወልደው?»

«ዛሬ ሴት ዳኛ ሞልቷል፣ ሐጂ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ወንድ ነው ብለህ ነው?»

«እኔ የወፍጮ መካኒክ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሐሙስ ወደ ሳጉሬ ስንሄድ ሐጂ እኔንም ከሽማግሎቹ ጋር መኪና ላይ አሳፈሩኝ። «አንተ ከሁላችን ትለያለህ» አሉ፤ «ጠጪውን ከማይጠጣው የምትለይ አንተ ብቻ ነህ።» የልጅቷ አባት ኦቦ ሁሴን ይባላሉ፤ ገብስ አምራች ናቸው፣ ቁመታቸው እንደ በር፣ ንግግራቸው እንደ መዝጊያ። ተቀመጥን፤ ሻይ በወተት መጣ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ምርቱ ተወራ። ከዚያ የተፈራው መጣ።

«ልጁ ይሰግዳል?»

«ይሰግዳል» አሉ ሐጂ።

«ይጠጣል?»

«ወላሂ፣ ጠብታ አያውቅም።»

«በቤታችሁስ?»

«መጠጥ ቤቴ ገብቶ አያውቅም» አሉ ሐጂ። ሙቀቱ ይሁን ጭንቀቱ ላብ አጥምቋቸው ነበርና ያንን ነጭ መሐረብ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት።

አንድ ቆርኪ ከእጥፋቱ ወጥቶ ወለሉን መታ። ኪል! ከዚያ ተንከባለለ። እኛ ሁላችን እያየነው፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ሄዶ ኦቦ ሁሴን ጫማ ሥር ወደቀ።

ኦቦ ሁሴን ጎንበስ ብለው አነሱት።

«ኩን ማሊ? ይህ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ ፈጥኜ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ከሐጂ ኪስ የወጣ የሐጂ ነው።

ሐጂ ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ «መንገድ ላይ አገኘሁት» ቢሉ በቂ ነው። ግን አይዋሹም። ቀና ብለው ያሉት ቃል፣ ከሰማሁት ውሸት ሁሉ ይበልጥ ውሸት የሚመስል እውነት ነበር።

«የድመታችን ነው» አሉ።

ከሽማግሎቹ አንዱ ሻዩ ትን አለው። የከድር ትዳር በዚያች ቅጽበት በአንድ ቆርኪ ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። ካቻቢቴውን፣ ጣሳውን፣ ካርቶኑን፣ ዳኛው መውለዱን፣ የሁለታችንን ሩጫ፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። ኦቦ ሁሴን መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን፣ በመጨረሻ ሆዳቸውን። ከጓዳ የሴቶች ሳቅ ተሰማ፤ አንደኛው ቀጠን ያለ ነበር፣ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰው የለም» አሉ ኦቦ ሁሴን ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስለዚህ እውነት ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ግን ጎተራዬን አይጥ ጨርሶታል፤ ከአዱሬ ልጆች አንዷን ታመጣላችሁ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ ጨመሩ፤ «ከእንግዲህ ያንን ኩላሊትህን በአንድ ዓይነት ብቻ አሳክም፤ ለፍለጋ እንዲቀል።»

አልሰማኋቸውም። ወላዋይነቴ እንዳለ ነው። ልጆቿ ጠንክረው ከየቤቱ ከተዳረሱ በኋላ ዳኛ ወደ ዱካዋ ተመልሳለች፤ ቁርሷን ግን አሁንም ከአጥሩ ማዶ ነው የምትበላው። የማን ናት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ሐጂም እኔም መጠየቅ ትተናል። ባለፈው ቅዳሜ ጠቆር ያለችዋን ከፈትኩ። ዳኛ ቆርኪውን ይዛ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም፤ ከዱካው ወርዳ እግሬ ላይ ተኛች። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። አሰላ ሲበርድ ይበርዳል፤ እግሬ ግን አልበረደውም።