የሞተው ሚኒስትር ቁርስ ሲበላ

ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ፣ መጨረሻውን ካልተነተነ እግሩ ወደ ቤቱ የማይሄድለት ሰው አላጋጠማችሁም? የእኛው፣ የጉለሌው የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ጓድ ተሰማ ይባላሉ። አንድ እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የሚኒስትር ግድያ ፊልም አየን። ሚኒስትሩ ገና ሲጀመር በጥይት ተገደለ፤ በመጨረሻ ግን ገዳዩ ሳይታወቅ እሱው ተቀምጦ ቁርስ በላ!

“ምስጢሩ ይኼ ነው” አሉ ጓድ ተሰማ ተነሥተው፤ “አድኃሪ ቢሞትም ይነሣል፤ ነቅተን እንጠብቅ!” ተጨበጨበ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም። ግን ገዳዩን ሳላውቅ ቤቴ ልገባ ነው? እጄን አወጣሁ።

“ይቅርታ ጓድ... የሚኒስትሩን ኮት ጥይት በስቶት ነበር። ቁርስ ሲበላ ግን ቀዳዳ የለውም። ማን ሰፋው?”

“አንቺ ልጅ፣ እኛ ስለ ፖለቲካ ነው የምናወራው!”

“እኔ ስለ ኮቱ ነው። የፊልሙ ቅደም ተከተል ተቀያይሮ ነው የታየው።”

ፊልሙን የሚያሳየው ሰው የፊልሙን ሳጥን ከፍቶ አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያውን የፊልም ጥቅል ሁለተኛ አድርጎታል፤ የመጨረሻው ጭራሽ ከሳጥኑ አልወጣም። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፤ እኔንም ጎትተው ከፊት አስቀመጡኝ። የቀረው ሲታይ የሚኒስትሩ ምክትል ሽጉጡን ወንዝ ውስጥ ወረወረ።

ጓድ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። “እሺ እህቴ፣ ይኼስ ምን ማለት ነው?”

ብድግ አልኩ። “ይኼማ ጓድ፣ ገዳዩ እሱ ነው ማለት ነው!”