ሞግዚት የምትባል ቃል

«የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሰው ጸሎቱ ቢሰማለት ምን እንደሚውጠው አስቦበት ያውቃል? በዚህ ክረምት መግቢያ፣ አዲሱ ገበያ በሚገኘው የልጄ ቤት፣ ጸሎቱ ሲሰማ አየሁ። ገዳይዋም እኔው ነበርኩ።

ሠላሳ ዓመት ጣሊያን አገር ኖሬ የተመለስኩ አሮጊት ነኝ። የኖርኩበት ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሳልገልጠው ያለፍኩት የለም። ስመለስ ሰፈሩ «እማማ ምሁሯ» አለኝ፤ እኔም እምቢ አላልኩም። ሹመት ማን ይጠላል? ያልሾመችኝ ልጄ ሮማን ብቻ ነች። ጥያት ስሄድ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያሳደገቻት እህቴ ናት፤ «እማዬ» ትል የነበረውም እሷን ነው፣ ነፍሷን ይማርና። እኔን «እርስዎ» ትለኛለች። አክብራኝ እንዳይመስላችሁ። ለማያውቁት ሰውም «እርስዎ» ይባላል።

ሮማን ከባሏ ከዳዊት ጋር ከተፋታች ወዲህ በልጃቸው በሶልያና ሲካሰሱ ከረሙ። ማን ዘንድ ትደር? ማን ይወስንላት? ፍርድ ቤቱ አንድ ዓርብ ወሰነ፤ ሮማንም ወረቀቱን ይዛ መጣችና ጠበቃዋ ስልክ አላነሳ ቢላት ለእኔ ዘረጋችልኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። መነጽሬን አደረግኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጳጳስ እንኳ ሲባርክ እንዲህ አይጠርግም።

እናት የሕፃኗ አሳዳሪ፣ አባት ደግሞ ሞግዚት እንዲሆኑ፤ አባት ከቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ሕፃኗን ወስደው እንዲያቆዩ ይላል። ሮማን «ሞግዚት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ልጅ ጠባቂ ነዋ! «አንቺ ወላጅ ሆነሽ እሱ ሠራተኛ ሆኖልሻል ማለት ነው» አልኳት። ሳቀች። አስቄያት አላውቅም ነበርና ጨመርኩላት፤ አፍንጫ መጥረግና ምሳ ዕቃ ማጠብ የሱ፣ ማዘዝ ያንቺ፣ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ደህና ነው፤ እንኳን ሊመለጥ አልሳሳም።

በማግስቱ ዳዊት በሦስት ሰዓት በር ላይ ቆመ። ሮማን በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ጮኸች፦ «ሶሊ፣ ነይ፣ ሞግዚቱ መጥቷል!» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ጸጉሯን አበጥረህ፣ ልብሷን አጥበህ፣ እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታስረክባለህ አለችው። ጎረቤት ሰምቷል፤ ጎረቤት መቼ ሳይሰማ ቀርቶ ያውቃል? ዳዊት አፉን ከፈተ፣ ልጅቷን አየ፣ መልሶ ገጠመው። እጇን ይዟት ሄደ። እኛ የእሱን ፊት እያየን ስንደሰት የልጅቷን ፊት ያየ አልነበረም።

እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ ዝናብ ጀመረ። ዳዊት ከሚኖርበት ከሽሮ ሜዳ አዲሱ ገበያ ሰማይ አይርቅም፤ በእግርም ይመጣል። ሮማን ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። አሥራ ሁለት ሲሆን ጨርሶ ዝግ ነው አለ። በሩ ጋ ቆማ በዝናቡ ውስጥ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ትቆጥራለች። «ይዟት ጠፋ» አለች። «በሰው ፊት አዋርጄው፣ ይዟት ጠፋ። ነገ ዳኛዋ ምን አደረግሽው ስትለኝ ምን እላለሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ስለዚያ ቃል እርግጠኛ ነዎት አይደል?»

ምሁር ሲጠየቅ ምን ይላል? «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ጓዳ ገባሁና ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ሥሩ አንድ መስመር አለ፤ ዓርብ ዕለት ሮማን ስትስቅልኝ ጊዜ ሳላነበው የቀረሁት። ሞግዚቱ በሕፃኗ ስም ይፈርማል፣ ንብረቷን ያስተዳድራል፣ ለጥቅሟ ይቆማል ይላል። የትኛዋ ልጅ ጠባቂ ናት ንብረት የምታስተዳድረው? ወጥቼ ልንገራት? አልነገርኳትም። ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት።

ለአንድ ሰዓት እሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ዳዊት ነው፤ ከራስ እስከ እግሩ ረጥቧል። ሶልያና አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች። ሮማን ልጇን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ጮኸች፤ ይባስ ተጣበቀች። ዳዊት ደክሞታል። «አልሄድም ብላ አልጋ ሥር ገባች» አለ። «ስልኬንም ደበቀችብኝ። ጫማዋ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ባትሪው አልቆ።»

ለምን ተባለች። ከአባቷ አንገት ቀና አለች።

«ሞግዚት ነው አላችሁ። አልማዝ ሞግዚት ነበረች፣ አባረራችኋት። ብርቄንም አባረራችኋት። ዘሪቱንም ሐሙስ አባረራችኋት። እሱንስ መቼ ነው የምታባርሩት?»

ያን ጊዜ ወረቀቱን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ዳዊት አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ በሕግ ሞግዚት ማለት በልጁ ቦታ ቆሞ የሚሟገትለት ሰው ነው። ቅዳሜ ልናገር ነበር፤ ሶሊ ፊት መጨቃጨቁን ፈርቼ ተውኩት» አለ። ሮማን ፎጣ አምጥታ ሰጠችው። ይቅርታ አላለችም፤ ፎጣው ግን አዲሱ ነበር።

ልጅቷ ስትረጋጋ ሌላ ጣጣ መጣ። ዘሪቱ ተባርራለች፤ ነገ ሰኞ ነው፤ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል? ዳዊት «እማማ ቢይዟትስ?» አለ።

ሮማን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እሳቸው ልምድ የላቸውም እኮ» አለች።

ያ መጽሐፍ የሞላበት ቤት የማን እንደነበረ አልነገርኳችሁም። የሦስት ልጆች ቤት ነበር። ሦስቱንም ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፤ መጽሐፉን የማነበው እነሱ ሲተኙልኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞግዚት የሚለው ቃል ለእኔ ከዚያ ሌላ ምን ትርጉም ይኖረዋል? የምስክር ወረቀቴ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ «እንደ ገዛ ልጆቿ አሳድጋልናለች» ይላል። ላወጣው ተነሳሁ። ከዚያ ያን የጣሊያንኛ መስመር ለሮማን ስተረጉምላት ታየኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«የሙከራ ጊዜ ይሰጣቸዋ» አለ ዳዊት። ሮማን ተስማማች። ከተፋቱ ወዲህ ያለ ዳኛ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ እኔ ነኝ።

ሶልያና ከአባቷ ጉልበት ወርዳ መጣችና በጆሮዬ አንሾካሾከች። «አያዬ፣ አይዞሽ። ሊያባርሩሽ ሲሉ እኔ እከራከርልሻለሁ።»

እንግዲህ በሕግ አማርኛ፣ ይህች የሰባት ዓመት ልጅ ሞግዚቴ ናት።