ድምፄ ይሰማል ወይ?

በኦንላይን የሚማር ክፍል ሁሉ አንድ «ድምፄ ይሰማል ወይ?» ባይ አለው። ከሌለው ክፍሉ ገና አልሞላም ማለት ነው። ኮሌጁ የፈለገው ይሁን፣ መምህሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አንድ ጎርናና ድምፅ ሳይታሰብ ብቅ ይልና መሰማቱን ያጣራል። መልስ እስኪያገኝ ድረስም አይለቅም።

በአንድ የማኔጅመንት ክፍል ይህን ማዕረግ የያዙት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ልጆቻቸውን አስተምረው ሲጨርሱ «አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው» ብለው በርቀት ትምህርት የተመዘገቡ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ክቡር ይሰማል ወይ» ይሏቸዋል፤ ሲያናግሯቸው ግን ጋሼ ናቸው።

ክቡርነታቸው በካሜራ የሚታዩት ከቅንድባቸው በላይ ብቻ ነው። የቀረው ኮርኒስ ነው። ክፍሉ የኮርኒሳቸውን ጥግ፣ ውሃ ያበላሸውን ቡናማ ቦታ ሳይቀር፣ አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ አገጫቸውን ያየ ግን የለም።

አንድ ቀን በስልክም በላፕቶፕም ገቡና የገዛ ድምፃቸው ተመልሶ መጣባቸው። የሚያሾፍባቸው ልጅ መሰላቸው። «የሰው ንግግር መድገም ነውር ነው» ሲሉ ገሰጹት። ልጁም ነውር መሆኑን መልሶ ነገራቸው። «እኔ እኮ አባትህ እሆናለሁ» አሉ፤ እሱም አባታቸው እንደሚሆን አስታወቃቸው። ሴት ልጃቸው መጥታ አንዱን እስክትዘጋው ድረስ ክፍሉ በሙሉ ማይኩን አጥፍቶ በሳቅ ሲንፈራፈር ቆየ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቧንቧ ሠራተኛው ያነሱትን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፎቶ የቤት ሥራ ማስገቢያው ላይ ጫኑት። ኮምፒውተሩም «ሥራዎን በተሳካ ሁኔታ አስገብተዋል፣ እንኳን ደስ አለዎ» አላቸው። የስታቲስቲክሱ የቤት ሥራ የደረሰው ቧንቧ ሠራተኛ ግን ሲያገላብጠው ውሎ «ጌታዬ፣ ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ብሎ ጻፈላቸው።

በዚህ ሁሉ የማትስቅ አንዲት ተማሪ ነበረች። በጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። የምትማረው ክሊኒኩ ጓዳ ውስጥ፣ ጓንትና ጥጥ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው። ከግድግዳው ማዶ የጥርስ መሰርሰሪያው ሲጮህ የትምህርቱን ግማሽ ይበላዋል። ስታቲስቲክስን አንድ ጊዜ ወድቃዋለች። ዘንድሮ ከደገማት ከኮሌጁ ትሰናበታለች፤ ይህንን ደግሞ ለእናቷ አልነገረችም። እና ሰውየው «ይሰማል ወይ» ባሉ ቁጥር ደሟ ይፈላል።

መምህሩ ለፈተና የሚመጣውን በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚከልሱና ትምህርቱም እንደማይቀረጽ ሲናገሩ አላስቻላትም። ሰውየው ዘንድ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ምን ገዶኝ ልጄ፣ በይ።»

«በክለሳው ቀን… ዝም ብለው ቢያዳምጡልኝ። ይሄን ከወደቅኩ ያባርሩኛል።»

ጋሼ ቅር እንዳላቸው ከትንፋሻቸው ታወቃት። «ቃሌ ነው፣ ትንፍሽ አልልም» አሉ። ሊዘጉ ሲሉ ግን አላስቻላቸውም። «ያልኩት ተሰምቶሻል አይደል?»

የክለሳው ቀን መምህሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይወራጫል፤ ድምፅ ግን የለም። ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ ሰካችው። እፍ አለችበት። ወጥታ ገባች። ላፕቶፗን አጥፍታ አበራችው፤ የሐኪሙን የሙዚቃ ማዳመጫ ሳይቀር ለምና ሞከረች። ምንም የለም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጉብታ የሚመስል ኩርባ ሳሉና ጉብታውን እያሳዩ በራሳቸው ቀልድ ፈገግ አሉ። ወዲያው አንዱ ተማሪ ቻቱ ላይ የሚስቅ ፊት ለጠፈ።

«ለካ ሰው ይሰማዋል» አለች በሆዷ። እንዳትጠይቅ አፈረች፤ በሰው ስትበሳጭበት የኖረችውን ጥያቄ በምን አፏ። መምህሩ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ። ቻቱ «ግልጽ ነው መምህር» በሚል ተጥለቀለቀ። እሷም ጻፈች። ጣቶቿ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ «በጣም» የሚልም ጨመሩበት።

ከዚያ ማልቀስ ቃጣት። ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገባት። የማይስቅባት ሰው ስትፈልግ አንድ ሰው ብቻ መጣላት፤ ስልኳን አነሳች።

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል?»

«ማይኬን ዘግቻለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ቃሌን አላጠፍኩም።»

«እሱን አይደለም። የመምህሩ ድምፅ ይሰማዎታል?»

«ኧረ ምንም። ላፕቶፑን ስደበድበው ነው የቆየሁት። እናንተ ሁላችሁም ግልጽ ነው ስትሉ እኔም ግልጽ ነው ብዬ ጻፍኩ።»

«በቃ ይጠይቁልን ጋሼ።»

«ፈቀድሽልኝ?»

«ይጠይቁልን፣ በሞቴ።»

መምህሩ ሰሌዳውን ሊያጠፉ ጨርቅ አንስተው ነበር። ያ ጎርናና ድምፅ መጣ። «ድምፄ ይሰማል ወይ?» መምህሩ በመሰልቸት አውራ ጣታቸውን አሳዩ። «የኔስ ይሰማል መምህር። የማይሰማው የእርስዎ ነው፤ ከመጀመሪያውም አልተሰማም።»

 ቀጥሎ ቻቱ ላይ «እኔም አልሰማሁም»፣ «እኔም»፣ «እኔም» ይጎርፍ ጀመር። የሚስቅ ፊት የለጠፈው ልጅም አልሰማም ነበር። መምህሩ ስክሪኑ ላይ ተጎንብሰው አንድ ነገር ነኩ፤ መጀመሪያ የተሰማው ረጅም ትንፋሻቸው ነው።

«ታዲያ ግልጽ ነው ያላችሁኝ ምኑ ነው?» አሉ።

 ጨርቁን አስቀመጡና ከጉብታው እንደገና ጀመሩ።

ልጅቷ ፈተናውን ለጥቂት አለፈች። ለእናቷም ያኔ፣ መውደቋንም ማለፏንም በአንድ ላይ ነገረቻት።

በአዲሱ ሴሚስተር፣ በአዲስ መምህር፣ እዚያው ጓዳ ገብታ ላፕቶፗን ከፈተች። የመምህሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚረብሽ የለም። ይህ ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ነበር፤ ግን አንድም ነገር ጆሮዋ አልገባ አለ። ጥቁር በጥቁር የሆኑትን የተማሪዎቹን ሳጥኖች እየዞረች ታያለች። ጋሼ አቋርጠው ይሆን? አሟቸው ይሆን? ጭንቅ አላት።

በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ያ ቡናማ ቦታ ያለበት ኮርኒስ ብቅ አለ።

«ድምፄ ይሰማል ወይ?»

እንደ ወትሮው ሁሉም ሌላው እስኪመልስ ዝም አለ። እሷ ማይኳን ከፈተች፤ ከግድግዳው ማዶ መሰርሰሪያው እየጮኸ ነበር።

«ይሰማል ጋሼ» አለች።

«ተመስገን» አሉ። «ያንቺም ይሰማል ልጄ።»