ለአንሶላ "ኖር!"

የአገሬ ሰው መቀመጥ አያውቅም። ወንበር ስጡት፣ ምንጣፍ አንጥፉለት፣ ለምኑት... ባለማዕረግ ብቅ ካለ ብድግ ነው! ትጠራጠራላችሁ? እንግዲያው እዚሁ የካ ሚካኤል አጠገብ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ትርሲት ትባላለች። ሰፈሩ ውሃ ከሚቀዳባት ምንጭ በላይ ፊታውራሪ በቅሏቸውን ያሳጥባሉ፤ እጣቢውን እኛ እንጠጣለን። የትርሲት ታናሽ እህት በሆድ ሕመም ከተኛች ወር አልፏታል። ትርሲት ግን አልቅሳ ብቻ አልቀረችም። ከፈረንጅ መምህሯ ካሜራ ተውሳ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጣ፣ በቅሎዋንም፣ አጣቢውን አሽከርም፣ ቆመው የሚያዙትን ፊታውራሪንም ፊልም አነሳቻቸው። እኔም "ይህንማ አገር ይየው" ብዬ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ። እነሱም በዓይናቸው ካዩ ሄደው ፊታውራሪን ሊያነጋግሩልን ቃል ገቡ።

እሑድ ከሰዓት የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን። አዲሱን ባርኔጣዬን ደፍቼ ስለ ሥልጣኔ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። (አጭር ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል።) ከዚያ ትርሲት ከኋላችን የፊልም ማሳያውን መኪና አስነሳች። ምንጯ ታየች። እንስራ የተሸከሙ ሴቶች ታዩ። ቀጥሎ ፊታውራሪ አንሶላው ላይ ብቅ አሉ...

"ኖር!"

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ! ሰውየው እኮ ቤታቸው ምሳ ላይ ናቸው! ለአንሶላ እጅ የሚነሳ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብርሃኑ በቆሙት ሰዎች ጀርባ ላይ ቀረ፤ አንሶላው ላይ የሚታየው ጎንበስ ቀና የሚል ጥላ ብቻ ሆነ። ትርሲት ለምና አስቀምጣ እንደገና ብታሳይ፣ እንደገና ተነሡ።

ሲያበቃ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እኛ በቅሎ አላየንም። ያላየነውን ደግሞ አንናገርም" አሏትና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል!

በገንኩ። ትርሲት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፊልሟን ስትጠቀልል፣ እኔ ያን ሁሉ አጎብዳጅ አንድ በአንድ ሰደብኩላት። በተለይ አንዱን! ባርኔጣውን አውልቆ ከፍ ሲያደርግ ጥላው በቅሎዋን ከነጭራዋ የሸፈነውን።

"ማነው እሱ ደንቆሮ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ባርኔጣ አድርገው የመጡት እርስዎ ብቻ ነበሩ" አለችኝ።

አፈርኩ። ባርኔጣው አሁንም በእጄ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ከእንስራው ውሃ ቀዳሁ። በቅሎ በቅሎ ይላል። ተቀምጬ ጠጣሁት።