ትንሽ ነገር ብቻ የቀራት ትሬንታ ኳትሮ

የተበላሸ ነገር የሚጠግን ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ደህና የሚሠራውን ነገር ካልፈታታሁ እያለ የሚታመም ሰው ግን እግዜር በየሰፈሩ አንድ አንድ ብቻ መድቧል። ታውቁታላችሁ። ሬዲዮኗ ጥርት ብላ እያወራች ጀርባዋን ይከፍታል። በሩ ልክክ ብሎ እየተዘጋ ማጠፊያውን ይነቅላል። «ምን ሆነብህ?» ስትሉት፣ «ምንም አልሆነ፤ ትንሽ ነገር ብቻ ቀረው» ይላል። ያቺ ትንሽ ነገር ከበጋ ወደ ክረምት ትሻገራለች።

የእኛው የገዳሪፉ ስሙ እንግዳው ነው። በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። ሱዳኖች መካኒኩንም መሐንዲሱንም «ባሽ ሙሐንዲስ» እያሉ ያከብራሉና እኛም እንደዚያው አልነው። ዲፕሎማውን ያየ ሰው የለም። ሑመራ በሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። አብረውት የተሰደዱት ሰዎች እንደሚመሰክሩት ባሽ ሙሐንዲስ እዚያ ሳለ ያሻሻላቸው ትራክተሮች ሁሉ ዛሬም ካሻሻለበት ቦታ አልተነሱም።

እኔ በጋራዦቹ ሰፈር ፉልና ሻይ የምሸጥ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ አንዲት ክፍል ቤት፣ የቆርቆሮ በር፣ ሟች ባሌ የተወልኝ የብረት አልጋ፣ ከአርማጭሆ ተሸክሜው የመጣሁት የእናቴ የብረት ዘነዘናና ሰፊ ግቢ ነበረኝ። መከራዬ የመጣው በግቢው ስፋት ነው።

ከግቢዬ ፊት ለፊት የአብዱልናስር መጋዘን አለ። አብዱልናስር የወሎ ሰው ነው፤ ገዳሪፍ የመጣው በልጅነቱ ነው፣ ሲናደድ በዐረብኛ፣ ሲያዝን በአማርኛ ይናገራል። ከመጋዘኑ ጀርባ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሞታ ተኝታ ነበር። ሞተር የላትም። ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮዎች ይጥላሉ። ባሽ ሙሐንዲስ አይቷት እንቅልፍ አጣ።

«ስጠኝና ላስነሳት» አለው።

«ውሰዳት! ዶሮዎቹን ግን መልስልኝ» አለ አብዱልናስር።

በትራክተር አስጎትቶ በቀጥታ ወደ እኔ ግቢ አስገባት። «እታለም፣ ለሳምንት ብቻ ትቀመጥልኝ» አለኝ። በእኛ አገር ጎረቤት «አስቀምጪልኝ» ካለ እምቢ አይባልም። ይህ የሆነው በመስከረም ነው። ሳምንቱ በግንቦትም አላለቀም።

ከመፋዛ እርሻ የተጣለ የትራክተር ሞተር አመጣ። አልገባ ሲለው የሞተሩን ቤት በመጋዝ ቆርጦ አስረዘመው፤ ምስኪኗ መኪና አፍንጫዋ ረዝሞ አነፍናፊ ውሻ መሰለች። ከሥር በሚሸከማት ተጣጣፊ ብረት፣ በባሌስትራዋ ላይ የሌላ መኪና ባሌስትራ ደርቦ፣ «ለዋልካው ጭቃ ነው» እያለ ከመሬት አነሳት። የናፍጣ በርሜሏ ሲያፈስ ተምርና ሳሙና አላቁጦ ለጠፈበት። ተምሩም ሳሙናውም የእኔ ነበሩ።

ብዙው ነገር የእኔ ነበር። ናፍጣ ማንቆርቆሪያ ሲያጣ የሻይ ጀበናዬን ወሰደ። የልብስ ማስጫ ሽቦዬ የጋቢና በር ማሰሪያ ሆነ። የጋቢናው ጣሪያ ዝገት ሲበላው የቤቴን በር ነቅሎ ለበጠው፤ እኔ በጆንያ መጋረጃ ቀረሁ። አንድ ቀን ሽሮ ልወቅጥ ዘነዘናዬን ብፈልግ የለም። ጋቢናው ውስጥ ሳይ የፍሬን መርገጫ ሆኖ ቆሟል።

«ይህ የእናቴ ነው!» አልሁት።

«ብረቱ ሥራውን ያውቃል፣ እታለም። የድሮ ብረት ነው። አሁን እንዲህ ያለ አይመጣም» አለኝ፤ ዘነዘናውን እንደ በቅሎ አንገት እያሻሸ።

ዓይኑ ወደ ብረት አልጋዬ ሲዞር ግን ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምሁ። በሩ ስለሌለ መጋረጃው ላይ ቆምሁ ማለት ነው። «ከዚህ ወዲያ አንዲት ጋት አታልፍም!»

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ወገናችን በረሀብ እየተነቀለ በየበረሃው ይፈስ ነበር። በገዳሪፍ ያለ ሎሪ ሁሉ ለየመጠለያው እህል ሊያመላልስ ተሰማርቷል፤ የአብዱልናስር ሎሪዎችም ወጥተው አልተመለሱም። በከተማው ውስጥ ያለ ሥራ የቆመች መኪና ይቺው የእኛዋ ነበረች።

በግንቦት መጨረሻ ከጋላባት የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ፉል ሊበላ ተቀምጦ ስሜን ጠየቀ። «ያለምወርቅ አንቺ ነሽ? እህትሽ ኮከብ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጋላባት ደርሳለች። የልጆቹ እግር አብጧል። ከዚህ ወዲያ አይራመዱም» አለኝ።

ሰኔ ከገባ ዝናብ ይጀምራል። ዝናብ ከጀመረ የዚህ አገር ዋልካ እስከ ጥቅምት ጎማ አያሳልፍም። እዚያ ማዶ የቀረ ሰው ያለ እህል ይቀራል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አምና የተቀበሩትን ማየት ይበቃል።

ሮጥሁ። ባሽ ሙሐንዲስ ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ትነሣለች ወይስ አትነሣም?»

«ትነሣለች። ትንሽ ነገር ብቻ…»

«እህቴ ጋላባት ናት!»

ከዚያ ተስቦ ወጣ፣ ፊቱን በዘይት እጁ ጠረገ፣ «ነገ» አለ።

በማግሥቱ በእውነት አስነሣት። የምትነሣው በማኖቬላ ነው፤ ያቺን የተቆለመመች ብረት አፍንጫዋ ውስጥ ሰክቶ ሲያሽከረክራት፣ አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍታ ጮኸች። የሰፈሩ ሴት እልል አለ። አብዱልናስር «ማሻአላህ!» እያለ በርሜል ናፍጣ አንከባለለ። እኔ ዕቃዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነች?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ትሰሚያለሽ? ጥቅ ጥቅ ትላለች። ትንሽ ነገር ብቻ ቀራት።»

ሙሉ ቀን ፈታታት። በማግሥቱ ደግሞ ተነሣች፤ ጥቅ ጥቁ ጠፍቶ እንደ እረኛ አፏጨች። ደግሞ አጠፋት። «ማፏጨቱን ካስተካከልሁላት እስከ ካርቱም ትሄዳለች» አለኝ። እኔ ካርቱም ምን አለኝ? በምሥራቅ በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የመጀመሪያው የዝናብ ሽታ መጥቷል። ሰውየው ግን ብሎን እየላሰ ለብርሃን ያሳየዋል።

በሦስተኛው ቀን ሲያስነሣት ከአፍንጫዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። ማኖቬላውን ነቅሎ መሬት ሲያኖረው አነሣሁት፣ በነጠላዬ ጠቀለልሁት፣ ጋቢና ገባሁና ቁጭ አልሁበት።

ወዲያው ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረገ። ያን አዘነባበል አውቀዋለሁ። «እታለም፣ አንዲት ነገር… ለአንድ አፍታ ላጥፋትና…»

«አጥፋት። ማኖቬላው ግን የት አለ?»

መሬቱን አየ። ሳጥኑን አየ። ከጎማው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። እኔን አየኝ። እኔ ምሥራቅን አየሁ።

«ካጠፋኋት አትነሣማ» አለ።

«እንግዲህ አታጥፋታ!»

ለበሽተኞቹ መተኛ ይሆናል ብሎ ሲለምነኝ አልጋዬንም ከነፍራሹ ከኋላ አስጫንሁት። ወጣን። ዶካ ከተማን እስክናልፍ ድረስ አላፊ አግዳሚው የዶሮ ላባ የሚበንንባት መኪና አይቶ ይስቅ ነበር። ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ ዱላውን አንሥቶ አስቆመን።

«ጠፊ አልዐረቢያ! አጥፋት!»

ባሽ ሙሐንዲስ በመስኮት ወጥቶ ሊሰግድለት ምንም አልቀረው። በሚያውቃት ዐረብኛ፣ «ያ ጀናቡ፣ ጌታዬ፣ ይቺ ከጠፋች የምትነሣው ሙታን ሲነሡ ነው! ያኔም ትንሽ ነገር ይቀራታል!» አለው። ፖሊሱ መኪናዋን ዞሮ አያት። ጣሪያዋ ላይ የተንጠለጠለውን የቤቴን በር ቁልፍ አየ። ሳቀና በዱላው ጣሪያዋን አንኳኩቶ፣ «ማንም የለም፣ እለፉ» አለን።

ጋላባት ስንደርስ ኮከብን ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እህቴን ያወቅኋት በድምፅዋ ነው፤ መልክዋ አልነበረም። ልጆቹን አልጋው ላይ አስተኛናቸው። በዙሪያቸው ከነበረው ስደተኛ መቆም የቻለውንም ያልቻለውንም ጫንን። ያ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ትጮሃለች። ኮከብ ጋቢና ስትገባ ዝቅ ብላ አየችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ያለም፣ ይህ የእማዬ ዘነዘና አይደለም?»

«ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«መኪና ያቆምልናል» አልኋት። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ ዝናቡ ደረሰብን። ዋልካው ከመቅጽበት ሊጥ ሆነ። አንድ ደረቅ የነበረ ወንዝ አፋፍ ላይ የኋላ ጎማዋ ሰጠመ፤ ባሽ ሙሐንዲስ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር መስመጥ ሆነ። የሚችለው ሁሉ ወርዶ ገፋ። የሚነጠፍ እንጨት የለም፤ አገሩ ሜዳ ነው። ባሽ ሙሐንዲስ ጭቃ ለብሶ በመስኮቴ በኩል መጣና ቆመ። ያ ሁልጊዜ «ስጪኝ» የሚል ሰው ወደ አልጋው አየና ዓይኑን ሰበረ።

«ውሰደው» አልሁት።

ልጆቹን አቅፈን አወረድን። የባሌን አልጋ ከጎማው ሥር ሰደደው። ብረቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ መኪናዋ አጓራች፣ ተንፏቀቀች፣ ወጣች። አልጋው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዘወር ብዬ አላየሁትም።

ገዳሪፍ ገብተን ልጆቹ ሐኪም ጋ ደርሰው ጉሉኮስ ከተሰካላቸው በኋላ መኪናዋን ግቢዬ አቆማት። አጠፋት። ጸጥታው ጆሮዬን አመመኝ።

«በይ አሁን ተነሺና ስጪኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የተቀመጥሽበትን። ሰው ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ደርሶ መልስ ባንድ ጎኑ አይቀመጥም።»

አፈርሁ። «ከመቼ ጀምሮ አወቅህ?»

«ዶካ ሳንደርስ።»

«ታዲያ ለምን አልተቀበልኸኝም?»

ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «በእጄ ቢሆን አጠፋት ነበራ፣ እታለም» አለ። «እኔ እኔን አላውቀውም?»

ይኸው ዓመት ሊሆነን ነው። የኮከብ ልጆች ድነው የአብዱልናስርን ዶሮዎች ያባርራሉ። ባሽ ሙሐንዲስ በጠፋው አልጋ ፈንታ ከአሮጌ ባሌስትራ አዲስ አልጋ እየሠራልኝ ነው። ኮከብና ልጆቹ ይተኙበታል፤ እንደ ግመል ያወዛውዛል እንጂ ደህና አልጋ ነው። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት የብሎን መፍቻ ቁልፉን ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ነገር ብቻ ቀረው» ይላል። ፉል አቀርብለታለሁ፣ ሻይ እቀዳለሁ፣ ብሎን እይዝለታለሁ፣ እንጨቃጨቃለን።

አብዱልናስር ዛሬ ጠዋት አዘነልኝ፣ ስለዚህ በአማርኛ ነው የተናገረው። «ምስኪን፣ ይህ ሰው መቼ ነው ጨርሶ የሚሄድልሽ?»

እኔም ተጨንቄ ነበር። ምክንያቱም ትናንት ባሽ ሙሐንዲስ አልጋውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ ነቅንቆ አየና፣ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን፣ «አሁንስ ያለቀ ይመስለኛል» አለኝ። ቁልፎቹን ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረ።

እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል ከአልጋው አንዱን ብሎን ላላ አደረግሁለት።