ጨዋ ያልኳት ልጅ

በአገራችን ትምህርት ቤትና ወላጅ የሚገናኙት እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ነው። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» የምትለዋን ትእዛዝ ሰምቶ የቤቱ መንገድ ያልረዘመበት ሰው ካለ፣ ወይ ትምህርት ቤት አልገባም፣ ወይ ይዋሻል። ልጅ መስኮት ሲሰብር ወላጅ ይጠራል። ሲደባደብ ወላጅ ይጠራል። ልጁ ደህና ከሆነ ግን አባት የልጁን አስተማሪ መልክ ሳያውቅ፣ አስተማሪውም የአባትየውን ስም ከመዝገብ ላይ ብቻ እያነበበ፣ ስምንተኛ ክፍል ይደረሳል። እናቴ በትምህርት ዘመኔ በሙሉ ትምህርት ቤቴን የረገጠችው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀንም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለመልበስ ምንም አልቀራት፤ ለቅሶ የምትሄድ ነበር የምትመስለው።

ተረት ደግሞ አናጣም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያልተባለበት የስብሰባ አዳራሽ የለም። እኔም ማይክ ሲደርሰኝ ስንት ጊዜ ብያታለሁ። ቅጠሉን ይዞ የተገኘ ግን እስካሁን አላየሁም፤ አብዛኞቻችን የምንደርሰው አመድ ለመጥረግ ነው። ይህን የምለው በሰው ለመፍረድ እንዳይመስላችሁ። ከጠራጊዎቹ አንዷ ነኝ።

ቦሌ ቡልቡላ ላይ ኮንዶሚኒየም እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ዜሮ ክፍል አንደኛ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት የሚቆዩበት፣ የስድስት ዓመት ልጆች ክፍል ነው። ከተማ ሲያድግ ልጅ ይዞ ይመጣል። ከወዲህ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ልጆች ከነሶፋቸው ይመጣሉ፤ ከወዲያ ድሮም እዚያው የነበሩት፣ እርሻቸው ላይ ፎቅ የበቀለባቸው ገበሬዎች ልጆች አሉ፤ ሁሉም እኔ ክፍል ይገባል። ሦስት ልጅ ይቀመጥበት በነበረ ዴስክ ላይ አምስት ይቀመጥ ጀመር። በዚያ ላይ ግቢው ውስጥ አዲስ ሕንፃ ይሠራ ስለነበር፣ እኔ «ሀ» ስል ማሽኑ «ድው!» ይላል።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው። ሶሬቲ ዝም ትል ነበር።

ቁመቷ ዘለግ ያለ ስለሆነ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። አትጮህ፣ አትጣላ፣ «ቲቸር ሽንት!» አትል። ሌሎቹ ሲነሱ ትነሳለች፤ ሲያጨበጭቡ ታጨበጭባለች፤ ሁልጊዜ ግን ከሰው ዘግየት ብላ። የክፍሉ ጭብጨባ ካበቃ በኋላ የሷ ሁለት ጭብጨባዎች ብቻቸውን ይሰማሉ። እኔ ይህን ዓይን አፋርነት አልኩት። ስሟን ስጠራ አትመልስም፤ «ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛው እስኪገባት ነው» አልኩ። ቆይ እንጂ፣ የጠራሁት እኮ ስሟን ነው! ሶሬቲ በአማርኛም ሶሬቲ ነው፤ ይህን ለማስተዋል ዲፕሎማ አያሻም ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ ካርዷ ላይ «ጨዋ ልጅ ናት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አንድ ቀን በረፍት ሰዓት፣ ለሕንፃው አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በኋላ ማርሽ ወደ ግቢው ይገባል። ጡሩምባው ይጮኻል። ልጆቹ እንደ ወፍ ተበተኑ። ሶሬቲ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ፣ ቁጢጥ ብላ ጠጠር ትለቅማለች። እኔ የክፍሉ በር ላይ ነበርኩ። «ሶሬቲ!» ብዬ ጮኽኩ። ንቅንቅ የለም። እንደገና ጮኽኩ፤ ከበሩ ግን አልወረድኩም። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ወርቄ መጥረጊያዋን ወርውራ፣ ሮጣ፣ በክንዷ መንጭቃ አወጣቻት። የመኪናው ጎማ ጠጠሮቹ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና፣ «ይቺ ልጅ አትሰማም እንዴ?» ብሎ አምባረቀብን።

ሰውዬው የተናገረው እንደ ቁጣ ነው። እኔም ለስንቱ ልጅ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ ልቤ ውስጥ ተሰነቀረ። ልጅቷን ክፍል አስገብቼ ከኋላዋ ቆምኩና አጨበጨብኩ። አልዞረችም። በቁልፌ ዴስኩን መታሁ። አልዞረችም። ትከሻዋን ስነካት ዞር ብላ ሳቀችልኝ።

ርእሰ መምህራችን አቶ ጥላዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወንበሩ የማይበቃ ትምህርት ቤት ተሸክመው የሸበቱ ሰው ናቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አሰቡና፣ «እንግዲያው ወላጅ ታምጣ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? መሥሪያ ቤቱ ያለው ቃል እሱ ብቻ ነው። እኔም በቁራጭ ወረቀት «ወላጅ ይቅረብ» ብዬ ጻፍኩና፣ መስማት ለማትችል ልጅ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች እንድታደርስ ሰጠኋት።

በማግሥቱ ወላጅም ልጅም አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ልጆቹን ከሸኘሁ በኋላ እኔው ሄድኩ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ጭቃውን ተሻግሮ፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶችና አንድ የተረሳ የሚመስል የጤፍ ማሳ ነበሩ። የሶሬቲ እናት ጫልቱ በር ላይ ቆማለች። ስታየኝ መጀመሪያ ያደረገችው ልጅቷን ከኋላዋ መደበቅ ነው።

«ቲቸር፣ አባረራችኋት?» አለችኝ።

እንዳልተባረረች እስክምልላት ድረስ ግቢ አላለችኝም። ከዚያ ተቀመጥንና አወጋችኝ። ሁሉን ታውቅ ኖሯል። ሶሬቲ በሁለት ዓመቷ ጆሮዋን አሟት መግል ይወጣው ነበር፤ እናት ሰው የነገራትን ሁሉ አደረገች፤ መግሉ ሲደርቅ ዳነች ብላ ተወችው። እያደር ግን ልጅቷ ስትጠራ መዞር ተወች።

«ታዲያ ስታስመዘግቢያት ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ስም ጠየቁኝ፣ ዕድሜ ጠየቁኝ፣ መታወቂያ ጠየቁኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹የማትሰማ ልጅ አይቀበሉሽም› አለችኝ፤ ፈራሁ። በቀኝ ጆሮዋ ተጠግቼ ስጮህ ትንሽ ትሰማኛለች። ጠዋት ጠዋት ‹ሌሎቹን እያየሽ አድርጊ› ብዬ እልካታለሁ።»

ያቺ የዘገየች ጭብጨባ! ለካ እኔ ዓይን አፋርነት ያልኩት የስድስት ዓመት ልጅ ሙሉ ቀን የምትሠራው ከባድ ሥራ ኖሯል።

ጫልቱ ግን አልጨረሰችም። «ደግሞ ለእርስዎ ነግሬ ነበር እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ እንኳ አልነበረም፤ ቢኖር በተሻለኝ። ትምህርት በተጀመረበት ቀን የክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ በዚያ ግርግር አማርኛው ጠፍቶባት «ፉልዱራ፣ ፉልዱራ» ብላኛለች። ከፊት አስቀምጪልኝ ማለቷ ነው። ትዝ አለኝ። ፈገግ ብዬ፣ «እሺ፣ እሺ፣ አይዞሽ» ብዬ፣ ልጅቷን በእጄ ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሰፈር አስተምሬ «ፊት» የምትለዋን ቃል አላውቅም። ቋንቋ ይቸግራታል የተባለችው ግን ልጅቷ ናት።

በሳምንቱ ሦስታችን መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። በትንሽ መብራት ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ግራውን ደግማ አየች። ግራው እንደማይመለስ፣ ቀኙ ግን ከታከመ ባለበት ሊቆይ እንደሚችል ነገረችን። በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ቀላል ሕመም ነበር አለች። ቀጥላም «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለች። ጫልቱ እኔን አየችኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ጀግንነት አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሶሬቲን ከፊት አመጣኋት። አቶ ጥላዬን ደግሞ መነዝነዝ ያዝኩ። በምዝገባ ቀን ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ትንሽ እንቀመጥ፤ ልጁ ይሰማል ወይ፣ ያያል ወይ፣ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይናገራል፣ ማን ነው የሚያሳድገው ብለን እንጠይቅ አልኳቸው። «እኛ ትምህርት ቤት እንጂ ክሊኒክ አይደለንም» አሉ። ተመልሼ ሄድኩ። ደግሞ ሄድኩ። በመጨረሻ፣ ለመገላገል ይመስለኛል፣ «በይ ዛፉ ሥር ጠረጴዛ አውጪ፤ ማህተም ግን እንዳትጠይቂኝ» አሉ።

በነሐሴ መጨረሻ እኔና ጫልቱ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በኦሮምኛ። እሷ አስቀድማ የራሷን ልጅ ታሪክ ስለምትናገር የማይፈታ ምላስ አልነበረም። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ተገኘ፤ እናቱ ሰነፍ እየመሰላት ስትገርፈው ኖራለች፤ ይህን ስትነግረን ያለቀሰችው አለቃቀስ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንዲት አክስት ደግሞ የያዘችው ልጅ እናቱ የሞተችበት በሐምሌ መሆኑን ነገረችን፤ ያን ሳንሰማ ብንቀር ኖሮ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ «ዝም በል!» ልንለው ነበር። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ለምነን አምጥተን የልጆቹን ዓይንና ጆሮ አየችልን። ሁሉም ነገር የተሠራው በአንድ ጠረጴዛና በጥቂት ወንበሮች ነው። ሶሬቲም እኔው ጋር ዜሮ ክፍልን ደግማ፣ ፊደል መለየት ጀመረች።

ከፋሲካ በኋላ የእነጫልቱ ሰፈር ለሌላ ግንባታ ተፈለገ። ምትክ ቦታ የተሰጣቸው ታክሲው አልቆ በእግር ከሚኬድበት፣ ከከተማው ጫፍ ነው። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ስለ ሶሬቲ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ሰጠኋት፤ ጫልቱ ጡቷ ሥር ሸጉጣ ይዛው ሄደች።

የእኛ ጠረጴዛ ግን ተወደደ። ከበላይ የመጡ እንግዶች ሰሙና «ተሞክሮው ይቀመር» አሉ። ሲቀመር ባለ አራት ገጽ ቅጽ ሆነ። አሁን ማህተም አለው። የሚሞላው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ የሚሞላውም ወላጁ ከሄደ በኋላ ነው። ቅጹ ላይ ሁሉም ልጅ ይሰማል፤ ሁሉም ያያል።

ከዓመት በኋላ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ጫልቱን አገኘኋት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ተቃቀፍን። ሶሬቲ እዚያም እንደ አዲስ ዜሮ ክፍል ገብታለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ደብዳቤዬንስ? ተቀብለው ፋይል ውስጥ ከተውታል። የሕፃኑን ጉንጭ እየነካሁ እሱስ ደህና ነው ወይ አልኳት።

«ባለፈው ጆሮውን እየነካ አላስተኛ አለኝ» አለች። «ሲነጋ አዝዬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ።»

«ጎበዝ! ምን አሉሽ?»

«‹ሴትዮ፣ ምን አስቸኮለሽ? ሲብስበት ታመጪዋለሽ› አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ቁጭ አልኩ» አለች፣ አንቀልባዋን እያጠበቀች። «በር ሊዘጉ እስኪደርሱ ቁጭ አልኩ። መድኃኒቱን የሰጡኝ እንድሄድላቸው ብለው ነው።»

ይኸው ነው። ይህን ያህል ዓመት አስተምረሽ ለወላጅ የምትሰጪው ምክር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቁጭ በሉ እላለሁ። እስክትሰለቿቸው ድረስ ቁጭ በሉ። ሌላ አላውቅም።